ስለ ውሻ ጩኸትና ስለ ጐረቤት ዕረፍት

(በራዲዮ ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት ቀላል መስሎ የሚታይ፥ ነገር ግን በከተማችን ብዙ ሰዎችን እንቅልፍ የሚነሣና ጐረቤትን ከጐረቤት የሚያኳርፍ ነው፤ ይኸውም ያለ ልክ የሚጮኽ የቤት ውሻ ነገር ነው። በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነቅቶ ያዳመጠ ሰው የምንለው ወዲያው ይገባዋል። በአንዱ ግቢ ያለ ውሻ ስለ አንድ ኮሽታ ይጀምራል፤ የጐረቤቱ ውሻ ይቀበለዋል፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ደግሞ ለሁለቱም ይመልስላቸዋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ኮሽታውን ያሰማው ድመት ወይም ነፋስ ተረስቶ የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ስለ ጩኸቱ ብቻ ይጮኻል። ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል በጠረጴዛው ፊት መገኘት ያለበት የመንግሥት ሠራተኛ፥ ሕፃን የታቀፈች እናት፥ ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ፥ የታመመ ሽማግሌ፥ ኹሉም ይህን ጩኸት ሳይወዱ በግድ ይካፈላሉ።

የሚያስገርመው ግን የውሻው ባለቤት ራሱ ከዚህ ጩኸት አብዛኛውን የማይሰማው መሆኑ ነው። ቀን ውሻው ብቻውን ቀርቶ ሲጮኽ ባለቤቱ በመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ሌሊት ሲጮኽም ጆሮው የራሱን ውሻ ድምፅ ስለ ለመደ ተኝቶ ያድራል። ጐረቤቱ ግን አይለምደውም። ይሉኝታ ይዞት ዛሬ ልንገረው ነገ ልንገረው ሲል ይሰነብታል፤ በበር ሲገናኙም ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋል። ቂሙ ግን በውስጡ ይጠራቀማል። መጨረሻውም አንዳንድ ጊዜ የከፋ ይሆናል፤ አንድ ቀን ጧት ልጆች ሲነሡ ውሻቸውን በአጥሩ ሥር አረፋ ደፍቆ ሞቶ ያገኙታል። የተመረዘውን ሥጋ ማን እንደ ወረወረው የሚናገር አይገኝም፤ ሁለቱ ቤተ ሰቦች ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሠርግም በልቅሶም አይገናኙም።

ሕጋችንም ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1225 ባለ ሀብት የሆነ ሰው ጐረቤቱን የሚያውክ ወይም የሚጐዳ ነገር እንዳያደርግ ይከለክላል፤ ከመልካም ጉርብትና ልክ ካለፉት ነገሮችም መካከል ጢስንና ክፉ ሽታን ከጩኸት ጋራ አንድ ላይ ይቈጥራል። የዚያኑ ያህል የአገሩን ልማድና የቦታውን ኹኔታ መመልከት እንደሚገባ ያዛል። እንግዲህ ውሻ አንድ ጊዜ ጮኸ ተብሎ ማንም አይከሰስም፤ ሌሊቱን በሙሉ ሲጮኽ የሚያድር ውሻ ግን የባለቤቱ የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ይኸው ሕግ በቍጥር 2071 እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፥ ሳይታሰብ ያመለጠ እንኳ ቢሆን፥ ባለቤቱን ኀላፊ ያደርገዋል። ይሁን እንጂ ስለ ውሻ ጩኸት ዳኛ ፊት መቆም ለሁለቱም ወገን ውርደት ስለ ሆነ፥ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ማቃናት ይሻላል።

በዚህ ጊዜ ከአድማጮች አንዱ «ውሻ የማሳድገው እንዲጮኽልኝ አይደለምን? ዝም የሚል ውሻ ምን ያደርግልኛል?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የጥሩ ዘበኛ ዋጋው ብዙ በመጮኹ ሳይሆን በሚገባው ጊዜ በመጮኹ ነው። ለቈራሌውም፥ ለተማሪውም፥ ለቅጠሉም፥ ለሌባውም እኩል የሚጮኽ ውሻ ለጌታው ምንም ወሬ አያቀብልም፤ ጌታውም ጩኸቱን ከመናቅ የተነሣ እውነተኛው ሌባ ሲመጣ ትራሱን ጆሮው ላይ ጭኖ ይተኛል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው የአገራችን ተረት ዘግይቶ የሚጮኸውን ውሻ ይወቅሳል፤ እኛ ደግሞ ጅቡ ሳይመጣ ሲጮኽ አድሮ ጅቡ ሲመጣ የሚሰማው ያጣውን መጨመር እንችላለን። ስለዚህ የምንፈልገው ድዳ ውሻ ሳይሆን ሁለት ሦስት ጊዜ ጮኾ ካስታወቀ በኋላ «ዝም» ሲሉት የሚሰማ ውሻ ነው።

አሁን ወደ ጩኸቱ ምክንያት እንመለስ። የውሻ የቀድሞ ዘመዱ ተኵላ ነው፤ ለአካለ መጠን የደረሰ ተኵላ ግን ብዙውን ጊዜ ያላዝናል እንጂ እንደ ውሻ አይጮኽም። ውሻ ከሰው ጋራ መኖር ከጀመረ ከ14,000 ዓመት በላይ ሲሆነው፥ በዚህ ረጅም ዘመን ጩኸቱን ለሰው መልእክት ማድረሻ ያደረገው ይመስላል። በቡዳፔስት ከተማ በሚገኘው በኤትቮሽ ሎራንድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ሙዲ የተባለውን የሃንጋሪ የእረኛ ውሻ ድምፅ በልዩ ልዩ ኹኔታ ቀርጸው ለሰዎች አሰሙ፤ ይህም በ2005 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ታትሞ የወጣ ምርመራ ነው። ሰሚዎቹ፥ ውሻ አሳድገው የማያውቁትም ጭምር፥ ውሻው በፀጉረ ልውጥ ላይ ይጮኽ እንደ ነበር፥ ብቻውን ታስሮ ይጮኽ እንደ ነበር፥ ወይም በጨዋታ ላይ እንደ ነበር በግምት ከሚገኘው በላይ ለይተው ለማወቅ ችለዋል። ወፈር ያለና ቶሎ ቶሎ የሚደጋገም ጩኸት ቍጣን፥ ቀጠን ያለና እየቆየ የሚመጣ ጩኸት ደግሞ ፍርሀትንና ብቸኝነትን ያመለክታል። አድማጭም ዛሬ ማታ የራሱን ውሻ ልብ ብሎ ቢያዳምጠው ልዩነቱን ያገኘዋል።

ደግሞም «ውሻዬ ያለ ምክንያት ይጮኻል» ማለት ትክክል አይደለም። የሰው ጆሮ በአንድ ሰኮንድ እስከ 20,000 የሚደርስ ንዝረት ያለውን ድምፅ ሲሰማ የውሻ ጆሮ ከ40,000 በላይ ያለውን ይሰማል። እኛ ጸጥታ በምንለው ሌሊት ለውሻው አይጥ በጣራው ላይ ትሮጣለች። በከተማችን ዳር ባሉት ሰፈሮች ደግሞ ጅቡ በእውነት አለ፤ ስለ እርሱ የሚጮኸውን ውሻ መውቀስ አይገባም።

ከምክንያቶች ኹሉ ግን በአገራችን ከፍ ያለውን ስፍራ የያዘው ሰንሰለት ነው። ብዙዎቻችን ውሻን ቀን አስሮ ሌሊት መፍታት ዘበኛ የማድረግ ጥበብ ይመስለናል። ቡችላው ገና የሦስት ወር ሳለ በሁለት ሜትር ሰንሰለት ከቆርቆሮ ቤት አጠገብ ይታሰራል፤ ከዚያ ወዲህ ዓለም ለእርሱ በበሩ ሥር በሚታየው ክፍተት የሚያልፍ የሰው እግር ብቻ ነው። ወደ እግሩ ሄዶ እንዳያሸት ሰንሰለቱ ያንቀዋል፤ ከእግሩ እንዳይሸሽም እንደዚሁ ይይዘዋል። ያለው መሣሪያ ጩኸት ብቻ ነው። ጩኸቱም እንደሚሠራ በየቀኑ ይማራል፤ ምክንያቱም መንገደኛው እየተጮኸበት ያልፋልና። መንገደኛው የሄደው ወደ ጉዳዩ ነው፤ ውሻው ግን «እኔ አባረርሁት» ይላል። በቀን ዐምሳ ጊዜ እንዲህ ያለ ድል የሚያገኝ ፍጥረት ጩኸቱን በምን ምክንያት ይተዋል? እንግዲህ ሰንሰለት ውሻን ንቁ አያደርገውም፤ ብስጩ ያደርገዋል። ልጆችን የሚነክሰውም ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ውሻ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የውሻውን ስፍራ ማስተካከል ነው። በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በሳንቃ ወይም በቆርቆሮ ቍራጭ መድፈን ገንዘብ የማያወጣ ነገር ሆኖ ሳለ ጩኸቱን ከሚያስበው ሰው በላይ ይቀንሰዋል። የውሻው ቤት ፊቱን ወደ መንገድ ሳይሆን ወደ ቤቱ ጓሮ ወይም ወደ ማድ ቤቱ ቢያዞር መልካም ነው። ግቢው ጠባብ ሆኖ መፍታት የማይቻል ከሆነ ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው ግንድ ሽቦ ወጥሮ ማሰሪያውን በቀለበት ማንጠልጠል ውሻው ወዲያና ወዲህ እንዲመላለስ ያስችለዋል። በኮንዶሚኒየም የሚኖሩም ውሻቸውን በሰገነት ላይ ማሰር የለባቸውም፤ ሰገነት ማለት ውሻው የሚያልፍና የሚያገድመውን ኹሉ የሚያይበት፥ ድምፁም በአራቱም ፎቅ የሚሰማበት ስፍራ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ማንቀሳቀስ ነው። ጧት ወደ ሥራ ከመሄድ በፊት ግማሽ ሰዓት፥ ማታም እንደዚሁ ግማሽ ሰዓት በገመድ ይዞ ማዞር ለውሻውም ለጌታውም ይጠቅማል፤ ቀኑን በሙሉ በወንበር ላይ ለሚውል ሰው ሐኪም ቢያዘው ገንዘብ የሚከፍልበት ነገር ነው። ውሻ በእግሩ ብቻ ሳይሆን በአፍንጫውም ስለሚደክም በየግንቡ ሥር ቆሞ ሲያሸት መጎተት አያስፈልግም። ምግቡንም በአንድ ሳሕን ከምሮ በአንድ ደቂቃ ከማስጨረስ ይልቅ እንጀራውንና ፍርፋሪውን በሣሩ መካከል በትኖ ወይም በአሮጌ ጆንያ ጠቅልሎ እንዲፈልገው ማድረግ ጥሩ ሥራ ይሆንለታል። ጥሬ ቅልጥምም ረጅም ሰዓት ያቆየዋል፤ የተቀቀለ አጥንት ግን እየተሰነጠቀ ጉሮሮንና አንጀትን ስለሚወጋ አይሰጥም። በዚሁ አጋጣሚ፥ ሽንኩርት የበዛበት ወጥ የውሻን ደም የሚጐዳ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። በጾም ወራት ደግሞ ከቤቱ ሥጋ ሲጠፋ የውሻው ድርሻ አብሮ እንደሚጠፋ የታወቀ ነው፤ የተራበ ውሻ እንዲተኛ መጠበቅ ከንቱ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ማስተማሩ እንገባለን። ከኹሉ አስቀድሞ ለአንድ ሳምንት ጩኸቱን በደብተር መመዝገብ ይገባል። መዝገብ መያዝ ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች አዲስ ነገር አይደለም፤ በስንት ሰዓት ጮኸ፥ ምን አይቶ ወይም ሰምቶ ጮኸ፥ በምን ተወው የሚሉ ሦስት መደቦች ይበቃሉ። ቀን ቤት የማይኖር ሰው የቤት ሠራተኛዋን ወይም ዘበኛውን፥ ይልቁንም ጐረቤቱን ይጠይቅ። በሳምንቱ መጨረሻ ጩኸቱ የበር ማንኳኳት የሚከተል ነው ወይስ የጌታውን መውጣት የሚከተል፥ ምግብ ለመለመን የሚደረግ ነው ወይስ ፍርሀት፥ ከመዝገቡ ላይ ይነበባል።

ምግብ ወይም ጨዋታ ለመለመን የሚጮኽ ከሆነ መድኀኒቱ ፊት መንሣት ነው። አለማየት፥ አለመናገር፥ አለመቈጣትም ጭምር። በመስኮት ራስን አውጥቶ «ዝም በል አንተ!» ብሎ መጮኽ ለውሻው ተግሣጽ አይደለም፤ ጌታው ከእርሱ ጋራ አብሮ እንደ ጮኸለት ያህል ነው። ይልቁንስ ዝም ባለበት ቅጽበት ቀርቦ መስጠት ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ጩኸቱ ዋጋ ማጣቱን ውሻው ሲረዳ ከመተዉ በፊት ለጥቂት ቀን እጅግ ይብስበታል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ተሰላችቶ ቁራሹን ይወረውርለታል፤ ይህም ከምንም ነገር የባሰ ነው። አሜሪካዊው ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በአይጦችና በርግቦች ላይ ባደረገው ምርመራ ሁልጊዜ ሳይሆን አልፎ አልፎ ብቻ ዋጋ ያገኘ ልማድ ለመጥፋት ይበልጥ የሚያስቸግር መሆኑን አሳይቷል። በመሥሪያ ቤት ያለን ሰዎች ይህን ከማንም ይልቅ ልንረዳው ይገባል፤ ዘጠኝ ቀን «ነገ ይመለሱ» ተብሎ በዐሥረኛው ቀን ድምፁን ከፍ ባደረገ ጊዜ ወረቀቱ የተፈረመለት ባለ ጉዳይ ለሚቀጥለው ጉዳዩ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለንና።

በር ሲንኳኳ ለሚጮኸው ግን ፊት መንሣት አይበቃም፤ ውሻው የሚጮኸው ለእኛ ሳይሆን ለበሩ ነው። የሩስያው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ በ1904 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርመራ የኖቤልን ሽልማት የተቀበለ ሲሆን፥ ስሙ ይበልጥ የታወቀው ውሾች ምግብን የሚያስከትል ምልክት ሲሰሙ ምግቡ ሳይቀርብ ምራቃቸው እንደሚመጣ በማሳየቱ ነው። እኛም ይህንኑ መንገድ መከተል እንችላለን። ከልጆች አንዱ ወደ ውጭ ወጥቶ በሩን በዝግታ፥ ውሻው ሊሰማው ሊቈጣው ግን በማይችል መጠን፥ ያንኳኳ፤ ወዲያው ከበሩ ራቅ ባለ ምንጣፍ ላይ ለውሻው ቁራሽ ይሰጠው። ይህ በቀን ሁለት ጊዜ ለአምስት አምስት ደቂቃ ቢደረግና ማንኳኳቱ ቀን በቀን እየጠነከረ ቢሄድ፥ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ውሻው የበሩን ድምፅ ሲሰማ ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ምንጣፉ መሮጥ ይጀምራል።

«ዝም» የሚለውን ቃል ለማስተማርም የሚከተለው ይደረጋል። ውሻው ሁለት ሦስት ጊዜ ከጮኸ በኋላ ሳይሮጡ ቀርቦ ቁራሹን በጡጫ ውስጥ ይዞ ወደ አፍንጫው ማስጠጋት ነው። ውሻ ባንድ ጊዜ ማሽተትና መጮኽ ስለማይሆንለት ዝም ይላል፤ በዚያ ቅጽበት በለሰለሰ ድምፅ «ዝም» ብሎ ሁለት ሰኮንድ ቆይቶ መስጠት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አምስት፥ ከዚያ ዐሥር፥ ከዚያ ሃያ ሰኮንድ ያቆዩታል። ሲለምደው ቃሉ ብቻ ይበቃል። ነገር ግን የቤቱ ሰው ኹሉ አንድ ቃል መጠቀም አለበት፤ አባት «ዝም»፥ እናት «ተው»፥ ዘበኛው ደግሞ ድንጋይ አንሥቶ «ሂድ!» የሚሉት ውሻ ከሦስቱ የትኛውን ሕግ እንዲያከብር እንደታዘዘ አያውቅም።

ብቻውን ሲቀር የሚያለቅሰው ውሻ ከእነዚህ ይለያል። እርሱ የሚጮኸው ከጥጋብ ሳይሆን ከጭንቀት ስለ ሆነ ቅጣት ያብስበታል። መዝጊያውን ዘግቶ ከአንድ ደቂቃ በኋላ መመለስ፥ ሲረጋጋ አምስት ደቂቃ፥ ቀጥሎ ሩብ ሰዓት እያሉ ማለማመድ፥ ሲወጡም ሲገቡም ብዙ ሰላምታና ስንብት አለማድረግ ነው። አዲስ የመጣ ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ቢያለቅስ ከእናቱና ከወንድሞቹ የተለየ መሆኑን አስቦ ሰው ባለበት ክፍል ማስተኛት ይሻላል።

መደረግ የማይገባቸውም አሉ። ዱላ ውሻን ጸጥ ሊያደርገው ይችላል፤ የሚያጠፋው ግን ማስጠንቀቂያውን እንጂ ፍርሀቱን ወይም ቍጣውን ስላልሆነ ውሻው ሳይጮኽ መንከስ ይለምዳል። አፉን ቀኑን በሙሉ በልጓም ማሰርም አደገኛ ነው፤ ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው አፉን ከፍቶ በማለክለክ ነውና። በኤሌክትሪክ የሚመታ የአንገት ማሰሪያ በውጭ አገር ይሸጣል፤ በዌልስ አገር ግን ከ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የተከለከለ ነው። የድምፁን ጅማት በቀዶ ጥገና ማስቈረጥም በ1987 የተደረገው የአውሮፓ የቤት እንስሳት ጥበቃ ስምምነት ከሚከለክላቸው ሥራዎች አንዱ ነው።

ጸጥተኛ የነበረ ውሻ በድንገት መጮኽ ቢጀምር የጆሮ ሕመም ወይም ሌላ ሥቃይ ሊኖርበት ይችላልና ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል፤ ያረጀ ውሻም ጆሮውና አእምሮው ሲደክም ሌሊት ይጮኻል። ድምፁ ጐርነን ብሎ ከተለወጠ፥ መዋጥ ካቃተውና ለሃጩን ካዝረከረከ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ማንም ሰው ሳይቀርበው ለሐኪም ማስታወቅ ግዴታ ነው። ይህ በሽታ ወደ ሰው የሚተላለፈው ከመቶ 99 ያህሉ በውሻ ስለ ሆነ በየዓመቱ ማስከተብ አይዘነጋ። የተነከሰ ሰው ቍስሉን በሳሙናና በሚፈስስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ዕለቱን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

የሰፈሩ ውሾች ተያይዘው የሚጮኹበትን የሌሊቱን ጩኸት ግን አንድ ቤት ብቻውን ሊያቆመው አይችልም። በዚህ ረገድ ዕድሮቻችን ጥሩ መሰብሰቢያ ናቸው። ከማታው 4 ሰዓት ጀምሮ እያንዳንዱ ቤት ውሻውን ከአጥሩ ጥግ አንሥቶ በበረንዳ ወይም በዕቃ ቤት እንዲያሳድረው ቢስማሙ፥ ውሻው የቤቱን በር እንደ ጠበቀ ይቆያል፤ የሌላውን ውሻ ጥሪ ግን እንደ ቀድሞው ቶሎ አይቀበልም። በጩኸት የሚቸገረው ጐረቤትም በቍጣ ሰዓት በሌሊት በር ከመደብደብ ይልቅ፥ የጩኸቱን ሰዓት በወረቀት ጽፎ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይሂድና «እርስዎ በማይኖሩበት ጊዜ ውሻዎ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ብቻውን ያለቅሳል፤ ምናልባት አልሰሙ እንደ ሆነ ብዬ ነው» ብሎ ያስረዳ። ባለቤቱም ያን ወረቀት ተቀብሎ በመዝገቡ ውስጥ ያስገባው፤ ራሱ ሊያገኘው የማይችለው የቀኑ ክፍል በእርሱ ላይ ተጽፎ ያገኛልና።